አራት ቁጥር ገመድ

ደንበኛው በንዴት እየተናገረ ሳለ መስመሩ ጭጭ አለ። ምራቲቱ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ቤት ሆና የባንክ ደንበኞችን ስልክ የምትመልስ ሠራተኛ ናት፤ እንጀራዋ በአንድ ቀጭን ገመድ ላይ የተንጠለጠለ። ጠዋት አለቃዋ ደውላ፣ «ዛሬም ከተቋረጠ ከዚህ በኋላ ላድንሽ አልችልም» ብላታለች።

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እዚያ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከየክፍሉ የሚመጡት የኢንተርኔት ገመዶች የሚሰበሰቡበት ባለ ስምንት ቀዳዳ ፓች ፓነል አለ። የሠሩት አማቷ ናቸው። ጡረታ እንደወጡ፣ ባለሙያ ቤቴ አይገባም ብለው ግድግዳውን ራሳቸው በሱት፣ ቁጥሩንም ራሳቸው ለጠፉት። እንግዳ ከመጣ ሳያስጎበኙ አይሸኙም። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ታዲያ የሚረገመው አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ነው፤ የሽማግሌን የእጅ ሥራ ማን ደፍሮ ያማል?

አማቷ ቁም ሳጥኑን ከፍተው አንድ ገመድ ነቅለው ይዘዋል።

«ምን ሆነው ነው አባባ?»

«የቴሌቪዥኔ ምስል ደረቀብኝ። የእሱን ገመድ፣ አራት ቁጥርን፣ ነቀል አድርጌ ስመልሰው ይሻለዋል።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ?»

«በደረቀ ቁጥር ነዋ። መድኃኒቱን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ገመዱን መልሰው ሰኩት። ትንሽ ቆይቶ ከክፍላቸው የኳስ ጨዋታ ጩኸት ተሰማ። «ይኸው» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

«እስቲ አሁን ደግሞ ይንቀሉልኝ።»

ነቀሉት። ኳሱ ቀጠለ። እሷ ሮጣ ኮምፒውተሯን አየች፤ መስመር የለም። ተመልሳ አምስት ቁጥርን ስትነቅል ግን ጥቂት ቆይቶ ኳሱ ጸጥ አለ። ለካ አራት ቁጥር የእሷ፣ አምስት ቁጥር የቴሌቪዥኑ ኖሯል፤ ቴሌቪዥኑም እስከዛሬ የሚድነው በራሱ ጊዜ ነበር።

ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ጊዜ መስመሯን ሲቆርጥ የከረመው እጅ ከአጠገቧ ነበር።

አማቷ መነጽራቸውን አስተካክለው የፓነሉን ጀርባ አጎንብሰው አዩ።

«ገመዶቹን ስሰካ ከኋላ ቆሜ ነው ከግራ የቆጠርኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ቁጥሩን ስለጥፍ ደግሞ ከፊት ቆሜ ከግራ። አንድ ያልኩት ስምንት ነው፤ አራት ያልኩት አምስት። ጉድ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። «ታዲያ ስልክሽን ስቆርጥ የከረምኩት እኔ ነኛ?»

በዚህ ቤት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፦ ኧረ ምንም አይደል። ምራቲቱ እሱን ለማለት አፏን ከፈተች፤ አልወጣ አላት።

«አዎ አባባ። እርስዎ ነዎት።»

ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጠራ፤ አለቃዋ ናት።

አማቷ እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው። እኔ ልንገራት።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ይተዉት እኔ እነግራታለሁ፣ ትላቸው ነበር። ስልኩን አንስታ ሰጠቻቸው።