ለጨረቃ ሁለት ምስክር

ጨረቃ ተሰረዘች።

ከሰማይ አይደለም፣ ከሲስተሙ ነው። ሰማይ ላይማ እንደልማዷ ነበረች፤ ከምሳ በኋላ ከማዶው ፎቅ ጀርባ ብቅ ብላ፣ እንደተላጠ ሽንኩርት ገርጥታ በቢሮው መስኮት ትታያለች። ግን እዚህ ቤት ሰማይ ማለት ሲስተሙ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ያለ አለ፣ የሌለ የለም።

መጥፋቷን ያየችው ዳታ ጠባቂዋ ናት። ሥራዋ ቴሌስኮፑ ያየውን ሁሉ ተቀብላ በየቦታው ማስገባት ነው። ቴሌስኮፑ እዚህ የለም። ወደ ምሥራቅ እሩቅ፣ ፀሐይ ቀድማ በምትጠልቅበት አገር፣ ተራራ ላይ ነው ያለው። እዚህ ሰው የከሰዓት ሻዩን ሲጠጣ እዚያ ይመሻል። ሲመሽ ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳና ሰማዩን ጥግ በጥግ ይለቅማል። የት እንደሚያይ የሚነግረው ሲስተሙ ነው፤ ከምን እንደሚሸሽም። ካሜራው ለደብዛዛ ነገር የተሠራ ስስ ነው። ጨረቃን አንዴ ፊት ለፊት ካየ ይታወራል፣ መድኃኒት የለውም። ካሜራው ከታወረ ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ የእሷ እንጀራም አብሮ ይዘጋል።

«ጨረቃን ማን ነው የነካት?» አለች።

ከኋላዋ ያለው ፕሮግራም ጻፊ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ቶሎቶሎ ነው የሚሉት። የሚያስጠራውን ሥራ በየቀኑ ይሠራል።

«እኔ አልነካኋትም። አማትን ትንሽ ጠበቅ አድርጌያት ነበር።»

አማት ዳታውን የሚያጣራው ፕሮግራም ነው። ሲመጣ ረጅም ስም ነበረው፣ ማንም አልያዘለትም። ምን ቢያቀርቡላት እንከን ስለማታጣ አማት ተብላ ቀረች።

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ቅርጹን የሚቀያይር፣ አንድ ቦታ የማይረጋ፣ አንዳንዴ በቀን የሚወጣ፣ አንዳንዴ ጭራሽ የሚጠፋ ነገር ካለ አትመኚው አልኳት። ለቆሻሻ ዳታ ነው እንጂ ለሌላ አስቤ አይደለም።»

«እና?»

«እና ጨረቃ ሁሉንም አሟላች።»

ዳታ ጠባቂዋ አማት ያወጣችውን ማስታወሻ ከፍታ አነበበች። «ጨረቃ በሚል አንድ ስም ብዙ የተለያዩ ነገሮች ተመዝግበዋል። አንዱ ክብ፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ እንደ ጥፍር ቁራጭ ነው። ማጭበርበር ስለሚመስል ሁሉም ተሰርዘዋል።»

«ቶሎ ቶሎ ቤት፣» አለች።

«ግድግዳው ሰንበሌጥ። አውቃለሁ፣ እናቴም ትለኛለች።»

«መልሳት።»

«መሰረዝ በእጅ ይቻላል። መመለስ አይቻልም። ባለፈው ጊዜ ሰዉ ሁሉ የወደደውን ኮከብ እያስገባ ሲያስቸግር አለቃው አዘግቶታል።»

ወደ አለቃው ገባች። አለቃው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀምጧል። ጨረቃ ከትከሻው በላይ ናት። ሁሉንም ነገረችው።

«ሲስተሙ ውስጥ ከሌለች፣ ከምንድን ነው የምንሸሸው?» አለ።

«ከጀርባዎ ናት።»

ዞሮ አየ። አልቸኮለም።

«አያታለሁ። ግን የኔ ማየት ምን ያደርጋል? እኔ መሣሪያ አይደለሁም።»

«ቴሌስኮፑን ለዛሬ እናቁመው።»

«በምን ምክንያት? ስንት አገር ነው የሚጋራው። ምክንያታችሁን ጻፉ ይሉናል። ጨረቃ ብለን እንጽፋለን። ገብተው ሲፈልጉ የለችም። ከዚያ እብዶች ናቸው ነው የሚሉን።» እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣጠፈ። «በሂደት እንሂድ።»

«ሂደቱ እስኪያልቅ እዚያ ይመሻል።»

«እሱም ሂደት ነው።»

ወጥታ ተራራው ላይ ላለው ዘበኛ ደወለች። ዘበኛው ከዚሁ ቢሮ የተላከ ሽማግሌ ነው፤ ከቴሌስኮፑ ጋር ብቻውን ይኖራል፣ ከሰው ይልቅ ነገረኛ የሆነው ለዚህ ነው።

«አባቴ፣ ጣሪያውን ይዝጉልኝ።»

«ለምኑ?»

«ለጨረቃ።»

«እኔ የምዘጋው ለዝናብ፣ ለንፋስና ለፀሐይ ነው። ለፀሐይ ሲነጋ ራሴ ተነስቼ በእጄ እዘጋለሁ፤ ሲስተማችሁ አይጠይቀኝም፣ እኔም አልጠይቀውም። ጨረቃ የኔ ሥራ ሆና አታውቅም።»

«ዛሬ ብቻ።»

«የዛን ለት የአሞራ መንጋ መጣ ብዬ ብዘጋ ማስጠንቀቂያ ጻፋችሁብኝ። ኪሴ ውስጥ ነው፣ ላንብብልሽ?»

«አያስፈልግም። ትታያለች ግን እዚያ?»

«ማን?»

«ጨረቃ ነቻ።»

«ገና ሳይመሽ አናቴ ላይ ወጥታለች። እንዴት ያለች ጨረቃ መሰለችሽ።»

«እንግዲያው ይመስክሩ።»

«የቤቱ ሰው ነኝ እኮ። አማታችሁ ትቀበለኛለች?»

አትቀበለውም። ቶሎቶሎ ደንቧን አውጥቶ ይዞ ቆሟል። የወጣ ነገር የሚመለሰው ሁለት ተመልካች አይቻለሁ ሲል ነው። ተመልካቾቹ የቢሮው ሰው አይሆኑም። አማት የሚሉትን እንድታመሳክር አንድ ቦታ ላይ መሆን አለባቸው። ደግሞም እርስ በርስ የማይነጋገሩ መሆን አለባቸው፣ ተማክረው እንዳይዋሹ።

«ወንድሜንና ሚስቱን ሞክሬ ነበር፣» አለ ቶሎቶሎ። «አወራችሁ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አዎ አሉ። ጣለቻቸው።»

«የት ይገኛል እንዲህ ያለ ሰው?» አለ አለቃው ከበሩ ላይ። «አጠገብ ለአጠገብ ሆኖ የማይነጋገር?»

ዳታ ጠባቂዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። የእናቷ በረንዳና የጎረቤቷ በረንዳ በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰኑት። ሁለቱ ሴቶች በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልተው ከተኳረፉ ልጆች ተወልደው ትምህርት ቤት ገብተዋል። የጎረቤቷ ውኃ ታንከር በረንዳው ጫፍ ላይ ስለሆነ እናቷ በስሟ ጠርታት አታውቅም፣ ባለ ታንከሯ ነው የምትላት። ዳታ ጠባቂዋ ሁለቱንም ተመልካች አድርጋ አስገባች። ስማቸውን ለመጻፍ ጊዜ አልነበራትም። «እናቴ» ብላ ጻፈች፣ «ባለ ታንከሯ» ብላ ጻፈች፣ ደወለች።

«እማዬ፣ በረንዳ ላይ ውጪልኝ።»

«ምን ሆነሻል?»

«ጨረቃ ትታይሻለች?»

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ። ጨረቃ።»

«ሰው በጠራራ ፀሐይ ለእናቱ ደውሎ ጨረቃ አለች ወይ ይላል? ያ ሥራ አንድ ቀን ጨርቅሽን ያስጥልሻል ብዬ ነበር።»

«አለች የለችም?»

«አለች። የት ትሄዳለች? ያቺ ሴትዮ ታንከር ላይ ጉብ ብላለች። ሰማይ ሞልቶ ሄዳ ሄዳ እዚያ።»

«ስልክሽ ላይ መልእክት ይመጣል፣ የት እንዳለች ጽፈሽ አንድ ቁጥርን ንኪ።»

ታንከሩ ላይ ብላ ጽፋ ነካች። አማት ቀጥላ ጠየቀቻት፤ ከሌላዋ ተመልካች ጋር ተነጋግረዋል? እናቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ደወለች።

«ሌላዋ ማናት?»

«ጎረቤትሽ።»

«እሷን ከኔ እኩል አቆምሽ?»

«እማዬ፣ ተነጋግራችኋል?»

«ከሷ ጋር ከምነጋገር ምላሴ ይቆረጥ።»

«እንደሱ አትጻፊ፣ ሁለት ቁጥርን ብቻ ንኪ።»

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ወጣ። የተመልካች ነፃነት፣ ሙሉ። ቶሎቶሎ ወንበሩን ጎትቶ መጣ። ሙሉ የሚባል አይቶ አያውቅም። ተመራማሪዎቹ ሻይ ላይ ስለሚያወሩ አማት ከግማሽ በላይ ሰጥታቸው አታውቅም።

ቀጥላ ለባለ ታንከሯ ደወለች።

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? የጎረቤትዎ ልጅ ነኝ።»

«እኔ ጎረቤት የለኝም። ግድግዳ ነው ያለኝ።»

«ይሁን። ጨረቃ ትታይዎታለች?»

«እናትሽ ምን አለች?»

እዚህ ላይ ተሳሳተች። ቸኩላለች። «ታንከርዎ ላይ ናት አለች።»

«ታንከሬ ላይ? የኔ ታንከር እሷን ምን አገባት? ቀኑን ሙሉ ታንከሬን ስትጠብቅ ነው እንዴ የምትውለው?»

«እትዬ፣ ቀና ብለው ይዩልኝ ብቻ።»

«አይቻለሁ። ምንም የለም።» ሁለት ቁጥርን ነክታ ስልኩን ዘጋች።

ስክሪኑ ቀይ ሆነ። አንድ አለች፣ አንድ የለችም። ጉዳዩ አጠያያቂ ነው።

«ባለሙያዎቹ ተከፋፈሉ ማለት ነው፣» አለ አለቃው። «ኮሚቴ እናቋቁም።»

የተራራው ምስል በስክሪኑ ጥግ ላይ ነው። ጣሪያው ለሁለት መከፈት ጀምሯል። ሰማዩ ወደ ወይን ጠጅ ዞሯል። ቴሌስኮፑ ከመኝታው ቀና አለ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ የዛሬውን የመጀመሪያ ሥራ ይናገራል፤ ከምሥራቅ ጀምሮ ወደ ላይ፣ አናትን አልፎ። ጨረቃ እዚያው መሃል አለች፤ ለሲስተሙ ግን ባዶ ሰማይ ነውና ምን ያግደዋል።

ዳታ ጠባቂዋ ስልኩን አየችው። የእናቷን ጠባይ ታውቃለች፤ የሌላዋንም የሷን ያህል። መልሳ ደወለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ልክ ነዎት። እናቴም የለችም ብላለች።»

«ምን አለች?»

«ጨረቃ የለችም። ያ ሰማይ የኔ ነው፣ ጠዋት ማታ የማየው እኔ ነኝ፣ ምንም አልወጣበትም ነው የምትለው። እሷ የለችም ካለች እንግዲህ የለችም፣ ልዝጋው።»

ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። በር ተከፈተ።

«እናትሽ ዓይኗን ትታከም፣» አለች ባለ ታንከሯ። «ይቻትና። ከታንከሬ አንድ ክንድ ከፍ ብላ፣ ወደ ቀኝ፣ ጉንጯ በአንድ በኩል ትንሽ ጎደል ብሎ። ጻፊ።»

«እርስዎ ራስዎ ነው የሚጽፉት። መልእክቱን መልሼ ልኬዋለሁ።»

«መነጽሬ የት... ቆይ። ታንከሬ ብዬ ልጻፍ?»

«ታንከሬ ብለው ይጻፉ። ከዚያ አንድ ቁጥርን።»

«ነካሁት። ደገምኩት። እሷ የለችም ካለች ሦስተኛም እነካዋለሁ።»

አማት አሰበች። የመጀመሪያዋ ታንከሩ ላይ ብላለች፣ ሁለተኛዋ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። ቶሎቶሎ ትንፋሹን ዋጠ። አማት ልዩነቱን አሰላችው፤ ጨረቃ እየወጣች ያለች ነገር ናት፣ በመሃል ሁለት ስልክ ተደውሏል፣ ይገጥማል። አረንጓዴ።

ተራራው ላይ ቴሌስኮፑ አንገቱን መልሶ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ቶሎቶሎ ግንባሩን ጠረገ። አለቃው ተራራውን ትቶ ስክሪኑ መሃል ላይ የወጣውን ነበር የሚያነበው።

«አዲስ ግኝት ይላል፣» አለ።

«ምን?»

«አዲስ ነገር ተገኝቷል። ያልነበረ ከገባ አዲስ ነው ማለት ነዋ። እኛ ደግሞ ዘንድሮ አንድም ግኝት የለንም።» ፊቱ በራ። «ትልቅ፣ ብሩህ፣ ቅርብ። ሪፖርት ላይ እጽፋለሁ።»

ሄደ። ዳታ ጠባቂዋ ጎንበስ ብላ ቀሪውን አነበበች። የነገሩ ስም፣ ጨረቃ። የተገኘበት ቦታ፣ ከታንከሬ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ። አግኚ፣ ቦታውን በትክክል በመግለጽ፣ ባለ ታንከሯ። የእንኳን ደስ አለዎት መልእክት ለሁለቱም ተመልካቾች ተልኳል።

ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣» አለች እናቷ። ስትቆጣ «አንቺ ልጅ» ነው የምትላት። ልጄ ካለች ነገሩ ከቁጣ አልፏል።

«አቤት እማዬ።»

«ጨረቃን ያገኘችው እሷ ናት?»

«በሲስተሙ ነው።»

«በረንዳዋ ላይ ወጥታ ለደረጃው ሰው ሁሉ እያነበበች ነው። ባለ ሱቁ አጨበጨበላት። አለች፣ የት ትሄዳለች ያልኩሽ ማነኝ?»

«አንቺ ነሽ።»

«የለችም ያለችው ማናት?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ዘጠኝ ወር የተሸከምኩሽ እኔ፣ ጨረቃ የሰጠሻት ለሷ።»

«እማዬ፣ ካሜራው ሊታወር ነበር። ሥራዬን ላጣ ነበር።»

«ሥራሽማ ይኑር፣ ማን ጠላ።» እናቷ ተነፈሰች። «ነገ ልብስ ላሰጣ እወጣለሁ። ከጨረቃዬ ሥር ገመድሽን አንሺ ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት ነው? በደንብ አስቢው። በቃ የሷ ናት እኮ፣ በሲስተም።»

ዳታ ጠባቂዋ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ፀሐይስ?» አለች እናቷ።

«ምን ፀሐይ?»

«ፀሐይዋ በማን ናት?»

አየች። ፀሐይ በቦታዋ አለች። አግኚ የሚለው ባዶ ነው፣ ማንም አልጻፈበትም። ተራራው ላይ ለፀሐይ ጣሪያ የሚዘጋው ዘበኛው ነው፣ በእጁ፣ ሲስተም ሳይጠይቅ። ዞራ አየች። ቶሎቶሎ ሻይ ሊቀዳ ወጥቷል። አለቃው በሩን ዘግቶ ሪፖርቱን እየጻፈ ነው።

«እማዬ፣ እስካሁን አልተነጋገራችሁም አይደል?»

«ሞቼ እገኛለሁ።»

«በረንዳ ላይ ሁኚ። ስትጠየቂ ቦታዋን በክንድ እየለካሽ ተናገሪ።»

ፀሐይን ሰረዘች።