የጭንጫው ዳገት ቂም

ውባንቺ ሦስት ስም አላት። አንዱ የክርስትና ስሟ ነው፤ እሱን ቄሱ ያውቁታል። ሁለተኛው እናቷ ያወጣችላት ውባንቺ ነው። ሦስተኛውን ግን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ እግረ ደረቅ። ፊቷ ቆሞ እንዲያ ብሎ የሚጠራት የለም። ወፍጮ ቤት ተራ ይዛ ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ያኔ ነው ከኋላ የሚመጣው። ከሃያ ዓመት በላይ ከኋላዋ ሲመጣ ኖሯል።

ስሙን ያወጣላት ዋርሳዋ ደባሱ ነው፤ የባሏ የቢተው ታናሽ ወንድም። ያወጣላትም በገዛ ሠርጓ ቀን ነው።

አማቷ አቶ አለነ አንዲት አረንጓዴ ላንድሮቨር ነበረቻቸው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ነው የገዟት። ብዙ አገር ዞራ፣ አርጅታ ነበር የመጣችው፤ ሞተሯም ያኔውኑ ደክሟል። እሳቸው ግን «የአለነ ልጅ ሙሽራ በበቅሎ አትመጣም» ብለው ደባሱን መሪ አስያዙት። ደባሱም ጫነ። ሙሽሪትን ጫነ፣ ሚዜዎቹን ጫነ፣ እልል የሚሉትን ሴቶች ከውስጥም ከጣሪያም ጫነ፤ በዚያ ላይ ሁለት ሙክትና አንድ ጋን ጠላ ጨመረ።

ጭንጫው ዳገት የሚጀምረው ከውባንቺ አባት ደጅ ነው። መሃሉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ አለ። መኪናዋ እዚያ ድንጋይ ጋ ስትደርስ አጓራች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ቀጥ አለች። ፍሬኑም አልያዘም። ሙሽሪትንም ሙክቱንም እንደያዘች ቁልቁል ወደ ኋላ ተንሸራታ፣ የአባቷን አጥር ጥሳ ግቢ ገባች።

ሰው አልተጎዳም፤ ጋኑ ብቻ ተሰበረ። ግን ሙሽራ ከአባቷ ደጅ ከወጣች ዘወር ብላ እንኳ አታይም። ውባንቺ ጭራሽ በቂጧ ተመለሰች፣ ያውም ሠርገኛ ሁሉ እያየ። ደባሱ ከመሪው ወርዶ፣ ሰዉ የሱን አነዳድ ማማት ሳይጀምር ቀደመና፣

«መኪናዋ ምን አጠፋች? ሙሽሪት እግሯ ደረቅ ሆኖ ነው እንጂ!» አለ።

ሰው ሳቀ። በቃ፣ በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ዝናብ ከዘገየ እግረ ደረቋ ናት። ላም ከጨነገፈች እግረ ደረቋ ናት። አቶ አለነ ጥርሳቸው አልቆ፣ የልጅ ልጅ አቅፈው ነው የሞቱት፤ እሳቸውንም ያደረቀቻቸው እሷ ሆነች። ቢተው ክፉ ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው፤ «ተይው ውቤ፣ ሲደክማቸው ይተዉታል» ይላታል። አልደከማቸውም።

ወንድማማቾቹ ሲካፈሉ ደባሱ ከዳገቱ በላይ ያለውን የአባቱን ግቢ ወሰደ። ለቢተው መኪናዋ ደረሰችው። ቢተውም መኪናዋን ቁልቁል አንከባሎ ከዳገቱ በታች የሚስቱ አባት ግቢ ገባ፤ ለመውረድ ሞተር አያስፈልጋት። ወይራው ሥር ቆመች። ዶሮ እንቁላል ጣለችባት፣ ጎማዋ ተኛ። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ የአገሩ መኪና ሁሉ ሲወሰድ እሷን የነካት አልነበረም፤ የማትሄድ መኪና ለማን ትሆናለች። ውባንቺ ግን ሰኔ በመጣ ቁጥር ሸራ ታለብሳታለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ጉዳይ አለኝ ከሷ ጋር» ትላለች።

ዘንድሮ ልጇ እድላዊት ታጨች። ሙሽራው ዘመን ላሊበላ የሚያስጎበኝ ጨዋ ልጅ ነው፤ የወላጆቹ ቤት ከጭንጫው ዳገት በላይ ነው። ሽማግሌ በመጣ ቀን የዘመን አክስት ወይዘሮ ፀሐይቱ አብረው መጡ። ደጁ ላይ ቆም አሉና፣ ውስጥ ሰው የማይሰማ መስሏቸው፣

«ይቺ የእግረ ደረቋ ልጅ ናት እንዴ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳል ጀመራቸው። ውባንቺ ጓዳ ሆና ሰማች። እድላዊትም አጠገቧ ነበረች፤ ሰማች። እናትና ልጅ ተያዩ። ውባንቺ ለራሷ ስንቱን ችላለች፤ ይሄ ስም ግን ለልጇ ሊተላለፍ ነው። ያን ቀን ልቧ ቆረጠ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ደባሱ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ «ሙሽሪትን በኔ መኪና ነው የምናወጣት» አለ። ቱሪስት የሚያመላልስባት አዲስ ነጭ ሚኒባስ አለችው። «ዳገቱን ሳት ሳትል ትወጣለች። የናቷ ዕጣ እንዳይደርስባት።»

«በአያቷ መኪና ነው የምትወጣው» አለች ውባንቺ።

«በየቷ? በዚያች በዶሮ ቤት?»

«በዚያችው።»

«ውቤ፣ እንግዲያ እንቁላሉን አደራ፣ ዳገቱ ላይ እንዳይሰበር!» ብሎ ሳቀ። ቢተው ወለሉን ያይ ነበር።

በነጋታው ላሊበላ ወጥታ አብደላን አመጣችው። አብደላ የወልድያ ልጅ ነው፤ ከተማው ዳር ጋራዥ አለው፤ ሲስቅም ሲናደድም በወላሂ ነው። ሸራውን ገልጦ፣ ዶሮዋን አባሮ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አየ።

«እትዬ ውባንቺ፣ ሞተሯ ይጠገናል። ዕቃ ከተገኘ ቀስ እያለች ትሄዳለች» አላት።

«ቀስ እያለች ምን ያደርግልኛል? ዳገት የምትለምን መኪና አልፈልግም። ዳገቱን የምትሳደብ አድርግልኝ።»

አብደላ ሳቀ። ሲያያት ግን እሷ አልሳቀችም። «ፍላቂት አጠገብ ገደል የገባ ፒክአፕ አለ። አካሉ ተጨራምቷል፤ የናፍታ ሞተሩ ግን ደህና ነው፣ ጉልበታም ነው። ግን ለዚች ይበዛባታል እትዬ። ካምቢዮዋ አይገጥምለትም፤ እሱንም አብረን ማምጣት ነው። የሞተሩን መቀመጫ ቆርጠን እንደገና መበየድ አለብን። ደግሞ ቁመቱ ረዥም ነው፣ ኮፈኗ አይዘጋም።»

«ክፍት ትሂዳ።»

«ወላሂ ከባልዎ ጋር ይማከሩበት!»

«ባሌ ሲስማማ ነው የኖረው» አለች፤ «ከኔም፣ ከነሱም።»

ሁለቱን ወይፈኖች ኩልመስክ ገበያ አስነድታ ሸጠች። ቢተው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ውቤ፣ ሰው ወይፈን ሸጦ ብረት ይገዛል?» አላት። «አንተ ስም ገዝተህልኝ ብትሆን ኖሮ ወይፈኖቹ ይተርፉ ነበር» አለችው። ቢተው ያን ቀን እራት አልበላም፤ በማግሥቱ ግን ሳይጠራ መጥቶ አብደላ ሲበይድ ብረቱን ያዘለት።

አሮጌው ሞተር በሰንሰለት ተሰቅሎ ሲወጣ መንደሩ ሊያይ መጣ። አዲሱ ሲገባ ደግሞ ሊስቅ መጣ። እውነትም ኮፈኗ አልዘጋ አለ፤ አብደላ ከበርሜል ላሜራ ቆርጦ እንደ በሬ ሻኛ ያለ ጉብታ በየደላት። በተነሳች ቀን ድምፅዋ ከግድግዳው ላይ ወንፊቱን አወረደው። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ውባንቺ እጇን ጉብታው ላይ አድርጋ ንዝረቱ እስከ ክርኗ እስኪመጣ ቆመች።

«ልንሞክራት ነው» አለ አብደላ።

«ጫን» አለች። በኬሻ ድንጋይ ሞሉ፣ የሠርገኛውን ያህል። ዳገቱን እየደነፋች ወጣች። የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ አብደላ ፍሬን ያዘ፤ «ከቆመችበት ትነሳ እንደሆን እንይ» ብሎ። ሲያስነሳት ከሥር አንድ ነገር ቿ! አለ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማው አይዞርም። ጎማውን የሚያዞረው የኋላው ዘንግ ተበጥሷል።

ከዚያ በላይ የሚያሳፍረው ደግሞ ጎትቶ የመለሳት ደባሱ መሆኑ ነው። ሚኒባሱን ይዞ ወረደ፤ ገመዱን ሲያስር ያፏጫል።

«ውቤ፣ እኔ እኮ ድሮ ተናግሬ ነበር። ሞተር ይቀየራል፣ እግር አይቀየርም።»

ውባንቺ ግቢ ከገቡ በኋላ አብደላን፣ «ምኑ ነው የሰበራት?» አለችው።

«ሞተሩ ነው እትዬ። ጉልበቱን የኋላዋ አልቻለውም። ከታች ተንደርድራ ከመጣች እኮ ዘንጓን ቀይሬላት ትወጣለች። መሃል ላይ አቁሞ ማስነሳቱ ነው የሚበጥሳት። ሙሽራ ጭነን ደግሞ አንቆምም።»

«የፒክአፑ የኋላ አክስል እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ግን...»

«ሙሉውን አውጣና ግጠምላት።»

አብደላ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አያት። «እትዬ፣ ሞተሯ ተቀየረ፣ ካምቢዮዋ ተቀየረ፣ አሁን የኋላዋ ሊቀየር ነው። ከድሮዋ መኪና ምን ቀረ?»

«ወንበሩ» አለች። «እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር አለ። እሱን እንዳትነካብኝ።»

አክስሉ ተገጥሞ ያለቀው የሠርጉ ዋዜማ ነው፤ በጭነት ለመሞከር ጊዜ አልነበረም። አብደላ ላቡን እየጠረገ፣ «ይይዛል፣ ኢንሻአላህ። ነገ ተንደርድረን ላዩ ላይ ነን። መቆም የሚባል ነገር የለም» አለ። ውባንቺ ዳገቱ ላይ ያለውን የተሰነጠቀ ድንጋይ ታይ ነበር።

በሠርጉ ቀን እድላዊት ከአባቷና ከሽማግሌዎቹ ተመርቃ ወጣች። መኪናዋ ታጥባ፣ ጉብታዋ ላይ ቄጠማ ታስሮባታል። ሙሽሮቹና ሁለት ሚዜዎች ገቡ። ውባንቺም ነጠላዋን አደግድጋ ፊት ወንበር ላይ፣ አብደላ ጎን ወጣች። ሴቶቹ ደነገጡ፤

«ኧረ ውባንቺ! እናት ሙሽራ ትከተላለች እንዴ? ነውር ነው!»

«ሙሽራ አልተከተልኩም» አለች። «መኪናዬን ነው።»

ከኋላ ደባሱ ሚኒባሱን ጢም አድርጎ ሞልቷል፤ አጃቢው በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ያን የመጎተቻ ገመድ ሰው እንዲያየው መስተዋቱ ሥር ጠምጥሞ አስቀምጦታል። «አይዞሽ ውቤ፣ ገመዴን ይዤ ከኋላሽ ነኝ!» እያለ ጥሩንባውን ነፋ።

አብደላ ቢስሚላሂ ብሎ ነዳ። መኪናዋ ዳገቱን ስትያያዘው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ጠጠሩ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፣ እልልታው በሞተሩ ድምፅ ተውጧል። ከላይ፣ የዳገቱ አናት ላይ፣ የሙሽራው ዘመዶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይቱ ከፊት ቆመዋል። የተሰነጠቀው ድንጋይ መጣ።

«አቁም» አለች ውባንቺ።

«ምን?»

«እዚህ ጋ አቁም።»

«እትዬ፣ በፈጣሪ! እየሄደች ነው፣ ልንወጣ ነው! እዚህ ቆመን ያ ነገር ከተበጠሰ ሙሽራ ይዘን ቁልቁል...»

«አውቃለሁ የት እንደምንሄድ። ሄጄበታለሁ።»

ሚዜዎቹ «አታቁሙ!» ብለው ጮኹ። አብደላ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ጨብጧል። ያኔ ከኋላ ወንበር እድላዊት፣ ቬሏን ከፊቷ ገልጣ፣

«አቁምላት፣ አብደላ» አለች። «ተንደርድረን ብንወጣ ዕድል ነው ይሉናል።»

አብደላ ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ድንጋዩ ጎን ቀጥ አለች። ከላይ ያለው ሰው «ኡ!» ሲል ተሰማ። ውባንቺ በሩን ከፍታ ወረደች። ጫማዋን አወለቀች። ነጠላዋን ሰብስባ እግሯን የተሰነጠቀው ድንጋይ ላይ አሳረፈችና ወደ ላይ ጮኸች፤

«ወይዘሮ ፀሐይቱ! እግሬ ይኸው! ከሩቅ ከሚያሙት በደንብ ይዩት!»

ውባንቺ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ተመልሳ አሮጌው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በል ንዳ።»

አብደላ የፍሪሲዮኑን መርገጫ በቀስታ ለቀቀ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ተንሸራተተች። እድላዊት የናቷን ትከሻ ጨበጠች። ጎማዎቹ ጠጠሩን ማሱት፣ ማሱት፣ ከሥሩ ያለውን አለት አገኙ፤ መኪናዋ እንደ ኮርማ አንገቷን ደፍታ ተነሳች። የተበጠሰ ነገር አልነበረም። ዳገቱን እየተሳደበች ወጣች፤ ሙሽሮቹን የወይዘሮ ፀሐይቱ እግር ሥር አድርሳ ቆመች። ወይዘሮዋ ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። በመጨረሻ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ፤ ጎንበስ ብለውም ሙሽሪትን ሳሙ።

ያኔ ነው ከታች ጩኸቱ የመጣው። ውባንቺ ስትቆም ደባሱም ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ አሁን ያን ሁሉ ሰው ጭኖ መነሳት አቃተው። ሚኒባሱ አጓራ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ከዚያ እያዘገመ ወደ ኋላ፣ እየተንገጫገጨ ወደ ኋላ፣ በድሮው ቦታ የታጠረውን አዲሱን አጥር ጥሶ የውባንቺ ግቢ ገባ። ሰዉ ደህና መሆኑ ሲታይ፣ አናቱ ላይ ከቆሙት ሽማግሌዎች አንዱ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣

«አይ፣ ፍሪሲዮኑ ነው የተቃጠለበት። ምን ያድርግ» አሉ።

ውባንቺ ወደሳቸው ዞረች። «አባቴ፣ የኔ ጊዜ እግር ነበር። የሱ ጊዜ ፍሪሲዮን ሆነ?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። የሳቀ የለም። እሷም ሙሽሮቹ መውረዳቸውን አየችና በሩን ዘጋች።

«አብደላ፣ ወደ ኋላ ውረድ።»

«በኋላዋ? እዚህ ዳገት ላይ?»

«በኋላዋ። ገመዱ እሱ ጋ ነው፤ ጎትተን እናወጣዋለን። ሠርገኛው ምሳ ሊያመልጠው ነው።»

መኪናዋ ዳገቱን በኋላዋ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። አገር ሁሉ እያየ፣ ውባንቺ በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው መንገድ፣ ወደ አባቷ ደጅ በቂጧ ተመለሰች። የዛሬውን ግን እሷ ናት ያዘዘችው።