በመዝሙር ሃምሳ የተለካ መብራት

እንኳየሁ ከግቢው ትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ለሦስት ተከራይ ያለን ቆጣሪ አንድ ነው፤ የመብራቱን ሒሳብ ለሦስት እንካፈላለን። እሷ በገባች ወር ሒሳቡ እጥፍ ሆነ። ከአምባ ጊዮርጊስ መጥታ ለቀን ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች የምታድር ሴት ናት፤ የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ሲግል በመስኮት ይታያል። ፒያሳ ባንክ ውስጥ ቁጥር ስደምር የምውል ሰው ነኝና፣ አከራያችን እትዬ አየለች ፍርዴን አመኑ። እሁድ ጠዋት እንኳየሁ ፍራሿን ጠቅልላ ደጅ አወጣች።

ሦስተኛው ተከራይ የኔታ ወልደ ዮሐንስ ከቅዳሴ ሲመለሱ አዩዋት። የባሕረ ሐሳብ፣ የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ መምህር ናቸው፤ ሀብታቸው መጻሕፍትና አንዲት አምፖል ናት።

ምክንያቱን ብነግራቸው «ማን ለካው?» አሉኝ።

«ምን መለካት ያስፈልገዋል የኔታ? ምድጃው ይታይ የለም?»

«እሳቱ ይታያል። ሒሳቡ አይታይም።»

ሁሉን አስጠፉን። ከዚያ የየቤታችንን ተራ በተራ እያስበሩ ቆጣሪው ፊት ቆሙ። የቆጣሪው ቀይ መብራት ብልጭ ባለች ቁጥር በመቁጠሪያቸው አንድ ቋጠሮ ያሳልፋሉ፤ በአፋቸው መዝሙር ሃምሳን ይደግማሉ። ሰዓታቸው መዝሙሩ ነው። በሆዴ እየሳቅሁ በስልኬ ሰዓት ያዝኩባቸው። ሦስቱንም ጊዜ መዝሙሩ የአንድ ሰከንድ ልዩነት አልነበረውም! ሳቄ እዚያው ደረቀ።

በአንድ መዝሙር፣ ምድጃው ስልሳ ብልጭታ፤ የኔ ፍሪጅ ስምንት። የየኔታ አምፖል መዝሙሩ እስኪያልቅ አንዴም ብልጭ አላሰኘችም።

«አላልኩም?» አልኩ።

«ቆይ። አንቺ፣ በቀን ስንት ሰዓት ታበስያለሽ?»

«ሁለት፣ የኔታ።»

«ያንተ ፍሪጅስ?»

«ሃያ አራቱንም» አልኩ። አሮጌ ነው፤ መዝጊያው አልገጥም ብሎ ሞተሩ ሌት ተቀን ያጉረመርማል።

«ስልሳ በሁለት፣ መቶ ሃያ። ስምንት በሃያ አራት፣ መቶ ዘጠና ሁለት» አሉ፣ እኔ ስልኬን ሳልነካ።

ያን ፍሪጅ ከሰው የገዛሁት እሷ በገባች ወር ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለኔ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ጎረቤቴ ሆኖ ስድስት ዓመት በማሽን ስደምር መኖሬ አሳፈረኝ።

ቆመው ሲሰሙ የነበሩት እትዬ አየለች እንኳየሁን «ግቢ፣ ልጄ» አሏት።

«የኔታ» አልኩ፣ «ለዚያች አምፖል ይህን ሁሉ ዓመት እኩል ሲከፍሉ ምነው ዝም አሉ?»

«ከእኔ የሚሄደው ብር ነበር። ከሷ ሊሄድ የነበረው ቤት ነው።»

የእንኳየሁን ፍራሽ በራሴ ትከሻ ተሸክሜ መለስኩ።