የቀረችው ቻርጅ

ብርነሽ በመስኮት ወደ ቤት የገባውን የኤሌክትሪክ ገመድ ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች ወደ መኪናው ሮጠች። በሩን ከፍታ ስክሪኑን አየች፤ ሃያ ሦስት ከመቶ። ሃያ ሲደርስ መኪናው ለውጭ ዕቃ ኃይል መስጠቱን ያቆማል። ያኔ የአባቷ የኦክስጅን ማሽንም ይቆማል።

ከሸዋ በር ጀርባ ያለው ሰፈር መብራት ከጠፋበት ሰዓት ጀምሮ፣ የአባቷን የጡረተኛውን የሻምበል ኃይለመስቀልን ትንፋሽ ይዞ የቆየው ይህ በቤንዚንም በቻርጅም የሚሄድ መኪና ነው። ቤንዚን ግን ከተማው ውስጥ የለም። ጠዋት ባቢሌ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትሄድ በኤሌክትሪክ ብቻ የነዳችው ለዚህ ነበር። ቻርጁን ቆጥቦ በሞተር እንዲሄድ ብታዘው ኖሮ የቀረችው ቤንዚን መንገድ ላይ ታልቅባት ነበር። ስመለስ ቤት እሰካዋለሁ ብላ ነበር፤ መብራቱ ቀድሟት ጠፋ።

ጎረቤቷ አሚን በግቢው በር ብቅ አለ።

"ስንት ደረሰ?"

"ሃያ ሦስት። መብራቱስ ምን ተባለ?"

"ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፣ እየተሠራ ነው ይላሉ። ሞተሩን አስነሺውና ባትሪውን ይሙላ እንጂ!"

"አስነስቼው ነበር። የነዳጁ ምልክት ሲበራብኝ ደንግጬ አጠፋሁት።"

አሚን ወደ ባጃጁ ዞር ብሎ፣ "ባጃጄ ውስጥ ሁለት ሊትር አትጠፋም። ልቅዳልሽ" አለ።

"አንተስ በምን ልትሠራ? ትናንት ስትሰለፍ ውለህ ያገኘሃትን!"

"ለነገው አላህ ያውቃል" ብሎ ጎማ ቱቦ ሊያመጣ ሄደ።

ከውስጥ ሳል ተሰማ። ብርነሽ ስትገባ አባቷ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"አባባ፣ ሆስፒታል እንሂድ። እባክዎ።"

"ነግሬሻለሁ። እናትሽን በእግሯ አስገብቼ ሬሳዋን ነው ያወጣሁት። እዚያ አልገባም።"

"ማሽኑ ቢቆምስ?"

"መብራቱ ይመጣል" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ውጭ አሚን ባጃጁ ሥር ተንበርክኮ በቱቦው ቤንዚን ሲስብ አፉ ገባበትና እየተፋ ያስላል። ሻምበል በመስኮቱ አዩት።

"አሚን! ተው፣ መልሰው።"

"ጋሽ ኃይሌ፣ ለእርስዎ ያልሆነ ለማን ሊሆን ነው?"

"ልጆችህ በእሷ ነው የሚያድሩት። መልሰው አልኩህ።"

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "የቀረው ቻርጅ ሆስፒታል ያደርሰናል?"

"ያደርሰናል። ግን ገመዱ ካልተነቀለ መኪናው አይንቀሳቀስም። እዚያ እስክንደርስ ያለ ኦክስጅን ነዎት።"

ሻምበል የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ላይ ራሳቸው አወለቁ። "እንግዲያውስ ፍጠኚ።"

አሚን ደግፎ አስገባቸው። ብርነሽ ገመዱን ነቀለች፤ የማሽኑ ድምፅ ተቋረጠ። መኪናውን በኤሌክትሪክ ብቻ እንዲሄድ አድርጋ፣ ሞተሩ እንዳይነሳባት የነዳጅ ፔዳሉን በስሱ እየረገጠች ወጣች። መኪናው ድምፅ ስለሌለው የአባቷ ትንፋሽ ሁሉ ይሰማታል። አንዱ ከአንዱ ሲዘገይባት መሪውን አጥብቃ ትይዛለች። ሸዋ በር ላይ ሚኒባሶች መንገዱን ሲዘጉባት ጥሩንባውን ሳትለቅ አለፈቻቸው።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ደጃፍ ላይ አቆመች።

"አባባ፣ እዚሁ ይቆዩ፤ ኦክስጅን ይዘው እንዲመጡ ልንገራቸው" ብላ ወረደች።

ሻምበል የመኪናውን በር ከፈቱና ወደ ድንገተኛ ክፍሉ እያዩ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።