ገደል የገቡት ጭላዳዎች

ፈውዚያና ዑበይዳ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራሉ። ሁለት ክረምት ሙሉ የጭላዳ መንጋ ገደል የሚያሻግር የስልክ ጨዋታ አብረው ሲሠሩ ከረሙ። ጭላዳዎቹን አንድ በአንድ የሳለቻቸው ፈውዚያ ናት። መንጋው ትእዛዝ አይሰማም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ተጫዋቹ ከፊቱ እየቀደመ መንገድ ይጠርግለታል፣ ድልድይ ይዘረጋለታል። አንድ እንኳ ከጎደለ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይታለፍም።

አንድ ቀን ተማሪዋ ሙስሊማ ስልኳን ይዛ መጣች። "ቲቸር፣ የቲቸር ዑበይዳን ጨዋታ አይተውታል?"

ፈውዚያ ተቀብላ ከፈተችው። ጭላዳዎቹ የራሷ ነበሩ፤ ጆሮው የተቀደደው ሽማግሌ ሳይቀር። እዚህ ግን በፉጨት ይታዘዛሉ፤ ተጫዋቹ ግማሾቹን ገደል ይወረውርና የተረፉት በሞቱት ሬሳ ላይ ይሻገራሉ። ሠሪው ተብሎ የተጻፈው የዑበይዳ ስም ብቻ ነው።

መምህራን ማረፊያ ሄዳ አገኘችው።

"ይኼ እኮ ሌላ ጨዋታ ነው" አላት፣ ዓይኗን ሳያይ። "ያንቺ መንጋ በራሱ ይሄዳል፣ የኔ ይታዘዛል። አሠራራቸው አይገናኝም። ደግሞ ያንቺው ቀርፋፋ ነው፣ ማን ይጫወተዋል?"

"ያንቺ? የኛ አልነበረም እንዴ?"

ዑበይዳ ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ።

"እሺ፣ ሥዕሎቼን አውጣልኝ።"

"ወላሂ ፈውዚያ፣ ሰው ለምዷቸዋል። አሁን እንዴት ላውጣ?"

ያንገበገባት ስሟ መቅረቱ ብቻ አልነበረም። "አንዱም እንዳይጠፋ" ባለች ቁጥር አጠገቧ ተቀምጦ ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ የከረመው ይኸው ሰው ነው። ሳትሰናበተው ወጣች። ቅዳሜ ጨዋታውን ለብቻዋ ልትጨርስ ኮምፒውተሯን ከፈተች፤ ጆሮው የተቀደደው ሽማግሌ ብቅ ሲል ግን ገደል ሲወረወር ታያትና መልሳ ዘጋችው።