ወደ ቀኝ ሲዞር

ሰው ሁሉ «ጉሬዛው» ነው የሚለው። ቀለም ቀቢ ስለሆነ ከጥቁር ጸጉሩና ከቅንድቡ ላይ ነጭ ቀለም አይጠፋም፤ መሰላል አወጣጡን ያየ ደግሞ ስሙን ማን እንዳወጣለት አይጠይቅም። ይኸው ሰውዬ ነው እንግዲህ በቀደም የመሰላሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ብረቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ «አውርዱኝ» ያለው። የሥራ ጓደኞቹ ደግፈው አወረዱት። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ መቀሷን ጥላ ወጣች። ስትሮጥ ታዲያ ደንግጣ ብቻ አልነበረም፤ ተናድዳም ነበር።

ንዴቱ የቆየ ነው። ባሏ ጀርባውን ከሰጣት ሰነባብቷል። ጀርባ ሰጣት ስል አባባል አይደለም፤ አልጋ ላይ ማለቴ ነው። ድሮ ጋደም ሲል ወደ እሷ ዞሮ፣ ስለ ውሎው ሁለት ሦስት ቃል ጣል አድርጎ ነበር የሚተኛው። ዝምተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። አሁን ግን ወደ ግድግዳው ዞሮ ድርቅ ይላል። ትከሻውን ስትነካው «ተኚ በቃ» ነው መልሱ። «ምን አጠፋሁ?» ስትለው «ምንም» ይላታል። መቼም ይህቺ «ምንም» የምትባል ቃል ያፈረሰችው ትዳር ብዛቱ!

ጎረቤቷ ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ናት። «እህቴ፣ ወንድ ፊቱን ካዞረ ልቡ ወዴት እንደዞረ ፈልጊ» አለቻት። ሰው ሲጨንቀው የማይሰማው ምክር የለም፤ ልብስ ሰፊዋም ሰማች። እህቷ ቤት ልትሄድ ቆርጣ፣ ለእህቷም ነግራ ጨርሳለች። የቀራት ለእሱ መንገር ነበር። «መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ የታመመ ባሏን ጥላ ሄደች አልባልም» ብላ ነው ክንዱን ይዛ ጤና ጣቢያ ያደረሰችው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር የእጅ መታጠቢያ። የቤተሰብ ሐኪሟ አጭር ሴት ናት፤ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ምን ሆኑ?»

«ያዞረኛል» አለ ጉሬዛው።

እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል? የራበውም ያዞረዋል፣ ፀሐይ የመታውም ያዞረዋል፣ ፍቅር የያዘውም ያዞረዋል። ከመድኃኒት ቤት «ደም ማነስ ነው» ተብሎ የብረት ኪኒን ተሰጥቶት ነበር፤ ትርፉ የሆድ ድርቀት ሆነ።

ሐኪሟ ግን ይህችን «ያዞረኛል» የምትባል ቃል ቶሎ አላመነቻትም። «እንዴት እንደሚያዞርዎት ይቆየን። መቼ ነው የሚመጣው? ምን ሲያደርጉ?»

«እንዲሁ ነው። ሁልጊዜ።»

ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም። «ዶክተር፣ ማዞሩንስ እሱም ያውቅበታል። ፊቱን ካዞረብኝ ከርሟል። አልጋ ላይ የማየው ጀርባውን ነው» አለች። ካፏ ከወጣ በኋላ አፈረች። የመኝታ ቤት ገመና ለሰው ይወራል?

ሐኪሟ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ በየት በኩሉ ነው የሚተኙት?»

«እኔ? በቀኙ። ምነው፣ በሽተኛዋ እኔ ሆንኩ እንዴ?»

ሐኪሟ ወደ ባልየው ዞረች። «ወደ እሷ ሲገላበጡ ነው የሚያዞርዎት?»

ጉሬዛው ጣቱ ላይ የደረቀውን ቀለም በጥፍሩ ፋቀ።

«አዎ» አለ። «ወደ እሷ ስዞር ቤቱ ይገለበጣል። ኮርኒስ ልቀባ ቀና ስልም እንደዚያው ነው። ትንሽ ይቆይና ይለቀኛል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?»

«ወንድሜም እንዲህ እያለ አይደል የጀመረው» አለ ቀስ ብሎ።

ታላቅ ወንድሙን የገደለው የጭንቅላት ዕጢ ነው። ያስታመመችውም እሷ ናት፤ እስከ መጨረሻው። ለካስ ጉሬዛው ተራዬ ደረሰ ብሎ፣ እሷን ዳግመኛ አስታማሚ ላለማድረግ ነበር ከግድግዳው ጋር ሲፋጠጥ የከረመው። ልብስ ሰፊዋ ምነው ሌላ ሴት ይዞ በሆነ ኖሮ ብላ ተመኘች፤ ከልቧ ነው የተመኘችው።

«ጭንቅላቱ በማሽን ይታይልኝ» አለች። «የትም ይሁን እወስደዋለሁ።»

«ካስፈለገ እኔው እልካችኋለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ ልየው።» ሐኪሟ አናገረችው፣ ጣቷን በዓይኑ አስከተለችው፣ እጇን አስጨበጠችው፣ ከግድግዳ ግድግዳ አራመደችው። ራሱን ያመው እንደሆነ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታየው እንደሆነ፣ ጆሮው ይሰማ እንደሆነ ጠየቀችው። «ወንድምዬው እንዴት ነበሩ?» አለች ደግሞ።

«ራሱን ያመው ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ያስመልሰዋል። እጁ እየሰነፈ፣ ቀን በቀን እየባሰበት ነው የሄደው።»

«እሳቸው ጋ ከዚህ አንዱም የለም። የእሳቸው ሲገላበጡና ቀና ሲሉ ብቻ ይመጣል፣ ደቂቃ ሳይሞላው ይሄዳል። የጆሮ ነው የሚመስለኝ። መምሰሉ ግን አይበቃም፤ እናረጋግጥ።» ከዚያ ወደ ጉሬዛው ጠጋ አለች። «ለማረጋገጥ ያንኑ የሚፈሩትን ነገር ላደርግብዎት ነው። ይፈቅዱልኛል?»

ሰውዬው ወደ ሚስቱ አየ። ስንት ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያፏጭ ሰው አልጋ ፈራ።

«ተኛ» አለችው። «እዚሁ አለሁ።»

ሐኪሟ አልጋው ላይ አስቀምጣው፣ ጭንቅላቱን ይዛ ወደ ቀኝ መለስ አደረገችውና ወደ ኋላ አስተኛችው። «ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ፤ ሚስትዎን ይዩ።» ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ዓይኑ መርገብገብ ጀመረ። እሱ አይደለም የሚያርገበግበው፤ ብሌኑ ራሱ እየዘለለ ይሽከረከራል። የሚስቱን ክንድ ጨመደደ። እሷም ያን ዓይን ስታይ፣ ወደ እሷ መዞር ለምን አቅቶት እንደከረመ ገባት። ዘግይቶም ቢሆን ገባት። ዓይኑ ቀስ በቀስ ረጋ።

«ይኸው፣ አገኘነው» አለች ሐኪሟ፤ መሬት የወደቀ መርፌ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏታል። «በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ ከአሸዋ የደቀቁ ጠጠሮች አሉ። የእርስዎ ጠጠሮች ከቦታቸው ወጥተው ጠባብ ቦይ ውስጥ ገብተዋል። የቀኝ ጆሮ ነው። ዕጢ አይደለም።»

«ኪኒኑስ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ኪኒን ጠጠር አያነሳም።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽን እነዚህን አያሳይም። ዓይናቸው አሳየን እኮ። አሁን በገቡበት ማስወጣት ነው።» ጭንቅላቱን ሳትለቅ ወደ ግራ አዞረችው፤ ጥቂት ቆየች። በግራ ጎኑ አስተኝታ አፍንጫውን ወደ ወለሉ አስደፋችው፤ ደግሞ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ አስነሳችው። በቃ፣ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ሰው እንደ ቁልፍ ተጠምዝዞ ሲታከም አይታ አታውቅም።

«ተመልሶ ሊመጣ ይችላል» አለች ሐኪሟ። «ከመጣ ብቅ ይበሉ፣ ደግመን እንሠራዋለን። እስኪረጋጋ መሰላሉ ይቆይ። ራስ ምታት ወይም የእጅ መስነፍ ካዩ ግን ለነገ አይበሉት።» ትንሽ አሳርፋው ወደ አልጋው ጠቆመች። «አሁን እንደ ቤትዎ ይተኙና ወደ ቀኝ ይዙሩ።»

ጉሬዛው ጋደም አለ። የአልጋውን ጠርዝ አጥብቆ ያዘ። ሚስቱ በቀኙ ቆማለች። ዓይኑን ጨፍኖ ዞረ።

«ይግለጡት።»

ገለጠ።

«ይዞራል?»

«አይዞርም» አለ። «እያለቀሰች ነው እንጂ።»

«አላለቀስኩም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እህቴ ጋ ልሄድልህ ነበር። አልፈልጋትም ያልክ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ እኮ አንቺ እንዳትፈሪ ብዬ ነው።»

«ሁለተኛ ብቻህን እንዳትፈራ» አለችው።

«ጨርሰናል፤ ይነሱ» አለች ሐኪሟ።

አልተነሳም።

«ትንሽ ልያት» አለ።