ጭስ ጭስ የሚለው ውስኪ

ሽማግሌ በገባበት ቤት ጠርሙስ ሲከፈት ደስታ ነው። የደባርቁ እህል ነጋዴ ደምለው ግን ያን የጥቅምት እሑድ ጠርሙሱን እንደ መርማሪ ፖሊስ ያገላብጠው ነበር። ልጁን ማህደርን ለትዳር የጠየቃት የጃናሞራው ፀጋው ነው፤ ስሜን ተራራ ላይ ቱሪስት የሚመራ ጎልማሳ። ሽማግሌዎቹ ከእሱ ተቀብለው ያመጡት እጅ መንሻ ደግሞ የስኮትላንድ ውስኪ ነው።

ደምለው አንድ ጉንጭ ያዘና ፊቱን አጨማደደ።

«ጭስ ጭስ ይላል! ያረረ አረቄ ነው። በባዶ ጠርሙስ ካቲካላ ሞልቶ የሚልክ ሰው ልጄን ሊወስድ?»

«ታሽጎ ነው የመጣ፤ ራስህ ከፈትኸው» አሉ ዋናው ሽማግሌ፣ ጡረተኛው መምህር ተክለ ማርያም። መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን አነበቡ። «ከብዙ በርሜል የተቀየጠ ነው ይላል። ትንሹ እንኳ አሥራ ስምንት ዓመት እንጨት ውስጥ ቆይቷል።»

«አሥራ ስምንት ዓመት ማንም ሳይቀምሰው? ውሸቱን እዚያው ላይ ጽፎት የለም እንዴ መምህር!»

ጎረቤቱ አልጣሽ ተጠራች። ሰፈሩን የምታጠጣ አረቄ አውጪ ናት፤ ደምለው ከጽሑፍ ይልቅ የእሷን ምላስ ያምናል። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ አሸተተች፣ ላሰች።

«እኔ ድፍድፉ ካረረብኝ እደፋዋለሁ» አለች። «ያ ጭስ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ይሄ መጀመሪያ ማር ማር፣ ቀጥሎ ዘቢብ ዘቢብ ይላል። ጭሱ የሚመጣው ከዋጡት ወዲያ ነው፤ የተሠራበት ገብስ ጭስ ላይ ሲደርቅ የጠጣው ይመስለኛል። ጌሾ አልነካውም። የኛ አገር እጅ አልገባበትም፣ አያ ደምለው።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ደምለው ግን ብድግ አለ።

«እንግዲያስ ሰርቆታል! መንገድ መሪ ይሄን በምን አቅሙ ይገዛል?»

ተጠራጣሪ ሰው ማስረጃ የሚጠይቀው ሊያምን አይደለም፤ እስከዚያው ሌላ ጥርጣሬ ሊያዘጋጅ ነው።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ማህደር ወጣች።

«አባዬ፣ ሐሰት ሲሆን አታላይ፣ እውነት ሲሆን ሌባ። ምን ቢያመጣ ነበር የሚድሩኝ?»

ደምለው ጠርሙሱን እንደገና ያገላብጥ ጀመር።

«ጠይቃሃለች» አሉ መምህሩ። «መልስላት።»

«ምንም!» አለ በመጨረሻ፣ ተመልሶ እየተቀመጠ። «ምንም ቢያመጣ አልድርም ነበር። ሌላ ልጅ አለችኝ እንዴ?»

«እሱን በል እንጂ!» አለች አልጣሽ። «የሰው መጠጥ ስም ታጠፋለህ?»

ደምለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቀን ቁረጡ» አለ። «ግን ደባርቅ ይቀመጡ። ጃናሞራ አይወስዳትም።»